የይበልጣል ግዝት

ጥቅምት 4

ሦስት ዩኒፎርም ሰፋሁ። አራተኛው ላይ ክር አለቀብኝ። ብርዱም ገብቷል፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ…

ባሌ ይበልጣል ባጃጁን ገና ሳያቆም ጩኸት ጀመረ። ለምን? ሶፊ ጫማዋን በር ላይ ስላወለቀች! የሰባት ዓመት ልጁን «አንቺ ጅል» ይላል? አልጋ ሥር ገባች። እኔም ዝም አላልኩትም፣ የሚገባውን ነገርኩት።

ድሮ እኮ ጎረቤት እጣቢ ሲደፋበት «ይሁን እስቲ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። በዚህ ቤት ተናካሿ እኔ ነበርኩ! ባለፈው ክረምት በዝናብ ባጃጁ ተገልብጦ ግንባሩን ከተሰፋ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ክሊኒክ ራጅ አነሱት፣ «ምንም የለውም» አሉ። ምንም ከሌለው ታዲያ ምኑ ነው? ጥጋብ ነዋ!

ጥቅምት 6

ዛሬ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሳቀ። ለቅሶ ቤት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በቃኝ። ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረ ማርያም ተናገርኩ። «እሁድ መጥቼ እገዝተዋለሁ» አሉ። ይገዝቱት! እኔን ባይፈራ እግዜርን ይፍራ።

ጥቅምት 9

ከቅዳሴ መልስ መጡ። ይበልጣል ተንበረከከ። አባ መስቀላቸውን አውጥተው «ከእንግዲህ ሚስትህንና ልጅህን ብትሰድብ በሥላሴ ስም ገዝቼሃለሁ!» አሉት።

«እሺ አባቴ» አለ። አለቀሰ። መስቀል ተሳለመ። ደስ አለኝ… ከልቤ ደስ አለኝ።

ምሳ እንኳ አልቀረበም። ሶፊ ብርጭቆ ሰበረች። «አንቺ እርጉም!» ብሎ ጮኸባት። ወዲያው አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ።

የሥላሴን ግዝት አፈረሰ! በዚያው ቀን!

ጥቅምት 12

አይበላም። «ግዝት ያፈረሰ ሰው እህሉ አይባረክለትም» ይላል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል፣ ቅጥሩን አይረግጥም። ምግብ ሳቀርብለት ይገፋዋል፣ ይሰድበኛል። ከዚያ ደረቱን ይደቃል። ከዚያ መልሶ ይሰድበኛል።

ምን ጉድ ነው? የተጸጸተ ሰው እንዴት እዚያው ላይ…? ይቀልድብኛል እንዴ?

ወስኛለሁ። እፈታዋለሁ። ሶፊን ይዤ ጮሌ ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 14

አስያ ሱቋ ጠራችኝ። ጨርቅ የምገዛው ከእሷ ነው፣ ማሽኔም በረንዳዋ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ለቅሶዬን ሁሉ ትሰማለች።

«ታኢ፣ ቁጭ በይ እስቲ። ባጃጁ ከመገልበጡ በፊት እንዲህ ያደርገው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ጸባዩን ከምትመክሪ ጭንቅላቱን አታስመረምሪም? ወላሂ፣ እኔ ብሆን ቄስ ከመጥራቴ በፊት ሐኪም ነበር የምጠራው።»

ተናደድኩባት። «በሰው ትዳር ምን አገባሽ» ብያት ወጣሁ። ለምን ተናደድኩ? እኔ ማሰብ የነበረብኝን ስላሰበች ነዋ።

ጥቅምት 21

አዳማ ወስጄው ሲቲ ስካን ተነሳ። ዛሬ ውጤቱን ይዘን ዶክተር ትንሳኤ ጋ ገባን። ልጅ እግር ናት፣ ግን ረጋ ያለች። ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ ከግንባሩ ጀርባ ያለውን ቦታ በእስክሪብቶ አሳየችን። እዚያ ጋ ተጎድቷል። ሲገለበጥ የመጣ ነው፣ አለች። ራጅ አጥንት እንጂ ይሄን አያሳይም።

«ንዴት ከውስጥ ይነሳል፣ ለሁላችንም ይነሳል። ‹ተው፣ ያዝ› የሚለው ይሄ የፊተኛው ክፍል ነው። የእሱ ሳይዝለት ቃሉ ያመልጠዋል።»

ይበልጣል ሳቀ። «ፍሬን ሸራዬ አልቋል በይኛ!»

«አላለቀም፣ ሳስቷል» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሲርበው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲፈራ ይብስበታል። ፍርሃት ያቺን የቀረችውን መያዣም ይነጥቀዋል። መድኃኒቱንም በባዶ ሆድ እንዳይወስድ። ባጃጅም ለጊዜው አይንዳ። «የሚያስፈራው ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለ። እኔ ነኝ ያመጣሁበት።

ጥቅምት 22

አሁን በማን ልናደድ? በእሱ? በተጎዳ ጭንቅላት? ስድስት ሳምንት ሙሉ… ኧረ ምን ስድስት ሳምንት፣ ከክረምት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንዴት የት ይሂድ? ባጃጅ አትነዳም ስለው ሰሃን ወረወረብኝ፣ እኔ ደግሞ በሽታው ነው ብዬ ዝም ልበል? ዝም አልኩ። ጥርሴን ነክሼ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ የማልደግመውን ስድብ ሁሉ ለግድግዳው ሰደብኩ።

ለእህቴ ደወልኩላት። አንመጣም፣ ለጊዜው።

አሁንም ከቁራሽ እንጀራ በቀር አይበላም። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ጥቅምት 24

ደጀ ሰላም ሄጄ አባን አገኘኋቸው። «ግዝቱን ይፍቱለት» አልኩ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ገለበጡት፣ አገላበጡት።

«መጀመሪያ አንደበቱን ይግታ፣ ያኔ እፈታዋለሁ።»

«አባ፣ እሱ እኮ ነው ያቃተው! እግሩ የተሰበረ ሰው አነከስክ ብለው ይገዝታሉ?»

«እግርና አንደበት አንድ አይደለም፣ ልጄ። እንዲሁ ከፈታሁት፣ አገሩ ሁሉ ሚስቱን እየሰደበ ራሴን አሞኛል ይለኛል።»

እውነታቸውን ነው፣ አገሩ እንደዚያ ይላል። ግን እኔ አገሩን ምን ላድርገው? «የእኔ ባል በረሃብ ሊሞት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ምእመኑ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! «እኔ ነኝ ገዝቱልኝ ያልኩት፣ እኔ ነኝ የተሰደብኩት። የተሰደብኩት እኔ ይቅር ካልኩ እርስዎ ምን ቸገረዎት?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ሌላ ቄስ ብጠይቅ «የገዘተው ይፍታ» አለኝ።

ጥቅምት 30

መጡ! ሳልጠራቸው፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ብቻቸውን።

ከሳምንታት በኋላ ቤታችን የገባ ቄስ… ይበልጣል ሲያያቸው ተንበረከከ። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ቀረቡት። ዝም በል፣ ዝም በል፣ ለዛሬ ብቻ…

ቀና ብሎ አያቸውና «ይሄ የፍየል ጺም!» አለ።

አባ እንደ እሳት ቦግ አሉ። «አንተ ባለጌ! አንተ ጋጠ ወጥ!» መስቀሉን እንደ ዱላ ወደ ላይ አነሱት። ይበልጣል ራሱን በክንዱ ሸፈነ። ያ የግንባሩ ጠባሳ ፊት ለፊታቸው ነበር።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መስቀሉን አዩት። እኔን አዩኝ።

መቋሚያቸውን ተደገፉ። «እኔስ አንደበቴን መቼ ገታሁ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ዝቅ ብለው መስቀሉን ጠባሳው ላይ አሳረፉለት።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ።»

አባን ሸኝቼ ስመለስ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሽሮ አቀረብኩለት። ባረከና በላ። ጨመርኩለት፣ ያንንም በላ። ሶፊ ከአልጋው ጫፍ ታየዋለች።

ከዚያ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋው። «ጨው የለውም፣ አንቺ ደደብ።»

ጨው አቀበልኩት።