ያልደረቀችው ወይራ

ሰሓብ፣ ዮርዳኖስ
እሑድ፣ ኦክቶበር 12

...ጀሪካኑ ሰማያዊ ነበር፤ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ታስሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ አቡ ሃይሰም በየጠዋቱ ወደ ፋብሪካው ይዞት ሲገባ አየሁት። አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ነው?» አላልኩም።

ሊያንዬ፣ የኔ ልጅ፣ ከዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። የብሬመን ብርድ እንዴት ይዞሻል?

ዛፎቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ ፎቷቸውን ለክፍል ጓደኞችሽ አሳይተሻል። የሰው ኃይል ክፍሉን ስረከብ ያመጣሁት ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በፋብሪካው አጥር ሥር አንድ ወይራ ይተክላል፤ ከጨርቅ ማቅለሚያው ተጣርቶ በሚወጣው ውሃ ያጠጣል፤ በዓመቱ ግምገማ ነጥብ ያገኝበታል። ሌላ ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሃ እንዳይባክን ብዬ።

ዘንድሮ ዛፎቹ ደረቁ። የአቡ ሃይሰም ብቻ ለመለመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማቅለሚያው ውስጥ የሠራ ሰው ነው። «የዓመቱ ታማኝ ሠራተኛ» ብዬ መድረክ ላይ ጠራሁት።

ሥራ አስኪያጃችን ኡስታዝ ዋኢል ማይክራፎኑን ይዞ፣ «ምስጢሩን ንገረን እንጂ! ትዘፍንላታለህ እንዴ?» አለው።

«የኔን ድምፅ ብትሰማ ኖሮ ቀድማ ትደርቅ ነበር።» ሰው ሳቀ። «ውሃ ከቤቴ ነው የማመጣላት። ማጣሪያው ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያንን መርዝ አላጠጣትም። ጽፌ ሁለቴ አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ከትቻለሁ።»

አረንጓዴው የአስተያየት ሳጥን ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ኡስታዝ ዋኢል የአቡ ሃይሰምን የስንብት ደብዳቤ አመጣልኝ። ምክንያቱ፦ ያልተፈቀደ ውሃ ማጠጣት። «ፈርሚ እንጂ፣ ኡም ሊያን፤ ደንቡ ያንቺ አይደል?» አለኝ፣ ባንቺ ስም ጠርቶኝ።

በምሳ ሰዓት አቡ ሃይሰም መጣ። «አትጨነቂ፣ እህቴ። ካባረራችሁኝ ግን ነቅዬ ልውሰዳት?»

«ሥሯ ጠልቋል፤ ትሞትብሃለች።»

«እንግዲያው አንቺ አጠጪልኝ» አለና ጀሪካኑን እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

ሳጥኑ ውስጥ የከተታቸውን ሁለት ማስታወሻዎች እዚህ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። አስቀምጪልኝ። ቀናቸውን እዪ። ከሥር «አንብቤዋለሁ» የሚለው የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ አይጠፋሽም።

አላህ እንቅልፍሽን ሰላም ያድርገው፤ ከማታፍሪበት እንጀራ ያውልሽ።

እናትሽ ሩወይዳ

ይህችን የምጨምርልሽ አጥሩ ሥር ሆኜ ነው። ጀሪካኑን ከሻይ ክፍሉ ቧንቧ ሞልቼው ነበር፤ አሁን ባዶ ነው፤ ደብዳቤውም ሳልፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እጄ እርጥብ ስለሆነ የብዕሩ ቀለም ፈስሷል። ኡስታዝ ዋኢል ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋው።