ዕድል ነጋሪዋና የጠፋችው ሞላ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው በሰዓት ጥገና ሥራ አርባ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። የሰው ሰዓት በቀጠሮው ቀን ያስረክቡ ነበር። የቤታቸውን ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጨርሱ ሰው አልነበሩም፤ ታናሽ እህታቸው ነኝና አውቃለሁ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከነርሷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ልጃቸው በተወለደች ሳምንት የሕፃን አልጋ ሊገዙ ወጥተው፣ ሳንቲም ሲጎርስ የሚወዛወዝ የብረት ፈረስ አስጭነው ተመለሱ። ጣጣው የጀመረው ያን ዕለት ነው። ከፈረሱ ቀጥሎ ክንድ የሚታገል የብረት እጅ መጣ፣ የምትዘምር ወፍ መጣች፣ ሳሎኑ መቀመጫ አጣ። ማሽኖቹ ከገበያ የወጣ አሮጌ ሳንቲም ካልሆነ አይቀበሉም። ስለዚህ ወንድማችን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም በር ላይ አስቀምጠው፣ እንግዳ ገና ጫማውን ሳይጠርግ ያስጨብጡት ነበር። ሰፈሩ “ጋሽ ሳንቲም” ያላቸው በከንቱ አይደለም። ቦታ ሲጠባቸው ሌሎች ሦስት ማሽኖች “ለአንድ ወር” ብለው እኔ መኝታ ቤት አስቀመጡ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው ትዕግሥታቸው አልቆ ወፏን ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጧት። ወንድማችን ከሥራ ሲመለሱ በነጋዴው ደጃፍ አልፈው ኖሮ፣ “የወፋችንን መንትያ አገኘሁላችሁ!” እያሉ ያችኑ ወፍ ታቅፈው ገቡ።

ባለቤታቸው ያን ዕለት ቃል አስገቧቸው። በመስታወት ሣጥን ተቀምጣ የዕድል ካርድ የምትሰጥ፣ ከተገዛች ጀምሮ ግን ሠርታ የማታውቅ አሻንጉሊት ነበረች። ወንድማችን ያለ እሷ ስብስቡ ጎዶሎ ነው ስላሉ፣ እሷ በሠራች ማግስት ሁሉም እንዲሸጥ ተስማሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠገኗት። ስንጠይቃቸው “አንዲት ሞላ ብቻ ናት የቀረችኝ” ይሉናል። እኛም በየሄድንበት ከተማ ሞላ ስናስስ ኖርን።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። ባለቤታቸው የሚቀበሩበትን ሱፍ ሲያዘጋጁ በደረት ኪሱ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለች፣ ዘይት የጠጣች ሞላ አገኙ። ልጃቸው ወስዳ ብትገጥማት ዕድል ነጋሪዋ ዐይኗን ገልጣ ካርድ ሰጠች። አልዋሽም፣ በሬሳቸው ላይ ተናደድኩ።

ባለቤታቸው አልተናደዱም። ሞላዋን አስፈትተው በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሏትና ወደ ኪሱ ከተቷት። “ቃላችን ስትሠራ ነው” አሉን። “አልሠራችም።”

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንና አሥራ ሰባት ማሽኖችን ትተው ሄደዋል። ሦስቱ ከመኝታ ቤቴ እንደማይወጡ ገብቶኛል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ኪሳቸውንም አይፈትሽብን።