ግድግዳ ለእኔ፣ ውሃ ለእሷ

ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን

ይህ ደብዳቤ ለዓይኔ ብሌን፣ ለሚጡዬ ይድረስልኝ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ጎረቤታችን ባለሱቁ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ሆንክ እኮ!» ይለኛል። እውነቱን ነው። እናትሽን ከቀበርን አራት ወር ሊሆነን ነው፤ እስካሁን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣኝም። በስልክ ምን እንደሚሰማኝ ስትጠይቂኝ ወሬ የምቀይረው ለዚህ ነው።

እንደነገርኩሽ አከራያችን ቤቱን ለልጁ ፈልጎታል፤ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። አንቺም «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ከቤት ቤት አትንከራተት፤ ብሩን እልካለሁ፣ የራስህን ግዛ» አልሽኝ። እሺ ብዬ ማክሰኞ አንድ ደላላ ያገኘልኝን ቤት ለማየት ሄድኩ። ሁለት ክፍል ነው፤ ለጉልበቴ የሚከብድ ደረጃም የለውም።

የእኔንና የእናትሽን ነገር ታውቂያለሽ። ቤት የምናየው ሥራ ተከፋፍለን ነው። እኔ ለሳኝ ነኝና ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ ልስኑ የለቀቀበትን በድምፁ እለያለሁ፤ እሷ ቧንቧ እየከፈተች ውሃውን ታያለች። ባለቤቱ ፊት ትንፍሽ አንልም። ወጥተን መንገዱን ከታጠፍን በኋላ ነው «እህስ?» የምትለኝ። እሷ «እህስ?» ሳትለኝ የገባንበት ቤት የለም።

ማክሰኞም አንኳኳሁ። ደህና ልስን ነው፤ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። ሻጩ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። «ታዲያ ተስማማዎት?» ቢለኝ «ቆይ፣ ባለቤቴን ላማክራት» አልኩት። አምልጦኝ ነው። ደላላው መሞቷን ያውቃልና አቀረቀረ። ሹፌሩ ግን «ይገባል፤ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» አለኝ። ወጣሁ፤ መንገዱን ታጠፍኩና ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። አንዲት ሴት «አባባ፣ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ትናንት ተመልሼ ቧንቧውን ራሴ ከፈትኩ። ውሃው እንደ ጉድ ይወርዳል። ሰበብ አጣሁ። ሹፌሩ «ባለቤትዎስ ምን አሉ?» አለኝ።

«ሞታለች» አልኩት፤ ሰዓት የጠየቀኝ ይመስል።

ምስኪን፣ ደንግጦ ወንበር አመጣልኝ። ቤቱን ግን አልገዛሁትም። አልዋሽሽም፣ ምንም እንከን የለውም። እሷ ያላየችውን ቤት የእኔ ማለት አቃተኝ፤ ይኸው ነው። ብርሽ ለልጆችሽ ይሁን፤ አትቀየሚኝ።

ከባለሱቁ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። አከራይዋ ነርስ የነበረች ቀልደኛ ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት ውሉን ስንጽፍ «በየዓመቱ ማደስ ለእርስዎም ለእኔም ልፋት ነው፤ አምስት ዓመት ልበለው?» አለችኝ።

«ኧረ አንድ ይበቃኛል» አልኳት።

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «አንድ» ብላ ጻፈች፤ እኔም ፈረምኩ።

በይ እንግዲህ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጤና ከቤትሽ፣ ሳቅ ከልጆችሽ አይለይ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ደህና ነኝ ብዬሻለሁ።

አባትሽ