የእማማ በላይነሽ እልልታ

ሰኞ፣ ሰኔ 6

አውጪው ተባልኩ። እንዲህ በአጭሩ። ጠዋት ከውይይት ክበብ ስንወጣ የፊልም ክፍላችን ኃላፊ ጓድ ሺበሺ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና «አድማሱ እዚያው ቀርቷል። ከፊልሙ ይውጣ። ምስሉም፣ ድምፁም» አሉኝ። ከዚያ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ።

አድማሱ ከኪነት ቡድኑ ጋር ውጭ አገር ከሄደ ወዲህ ፋሲካም አለፈ። ሌሎቹ ተመልሰዋል። እሱ የለም። ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ባይኖርም ሁላችንም ገብቶናል።

ግን እኮ ፊልሙ ስለ እሱ ነው! ስለ ቦሌው ሸክላ። ለውጡ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አምስት ልጆች እዚህ ቦሌ ያለ ሆቴል አዳራሽ ገብተው፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው የቀረጹት ነው። እናቶቻችን ጊታሩን «የሰይጣን ጩኸት» አሉት። እኛ ግን ሸክላውን እስኪጫጫር ሰማነው። ሲቀርጹ አንድ ካሜራማን አንስቷቸው ነበር፣ ያንን ነው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስቆርጥና ስቀጥል የከረምኩት። ዘፋኙ ደግሞ አድማሱ ነው። ዘፋኙን አውጥተሽ ስለ ዘፈኑ ፊልም ሥሪ! ሽሮ የሌለበት ሽሮ ወጥ።

ተከትያቸው ሄጄ «ታዲያ ፊልሙ ለምን ጨርሶ አይቀርም?» አልኳቸው።

«ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜ ይታያል።»

ጭንቀቴ ይህ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። የአድማሱ እናት እማማ በላይነሽ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ልጅዎን በትልቅ ሸራ ላይ አሳይዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እሳቸው መቅረቱን አያውቁም። «ሌላ አገር ጨምረውለት ነው» ብሎ ሰፈሩ በሙሉ ዋሽቷቸዋል። እኔም አብሬ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ቀኑን ሙሉ ስቆርጥ ዋልኩ። አድማሱ ማይክሮፎን ሲያስተካክል፣ ቆረጥኩ። አድማሱ ከከበሮ መቺው ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ቆረጥኩ። ቁራጮቹ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥለው መስኮቱ ሲከፈት ይወዛወዛሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልፈለግሁም።

ከሰዓት ጓድ ሺበሺ መጥተው የቀረውን አዩ። መጀመሪያ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ቆይተው ግን ፊታቸው ቅጭም አለ።

«እነዚህ ሰዎች ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያዩት። ምንድን ነው የሚያዩት?»

«አድማሱን» አልኩ። ምን ልበል?

እንደገና አስመለሱኝና አዩት። በመጨረሻ «ሌላ ነገር ይዩ» አሉና ከመጋዘን አንድ የመንግሥት እርሻ ፊልም አስመጡልኝ። ትራክተር! ጊታሪስቱ ከድር ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑ በደስታ ቦዝዞ ወደ ጎን ያያል። ቀጥሎ ትራክተር ያርሳል። እንደገና ከድር። ሰውዬው በትራክተር ፍቅር የነደደ መሰለ። ሳቄ መጣ፣ ሳቅሁም። ከዚያ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አልቅሼም ቀጠልኩት፣ የሚገርመው እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ዛሬ እልልታው ጋ ደረስኩ።

ሸክላውን የሚያውቅ ሁሉ እልልታውን ይጠብቃል። የእማማ በላይነሽ ነው። ያን ቀን ለልጆቹ ምሳ ይዘውላቸው መጡ። ውጭ አትግቡ የሚለው ቀይ መብራት በርቷል፣ እሳቸው ቀይ መብራት ምን እንደሚል የት ያውቃሉ! በሩን ከፍተው ሰተት። ልክ ጊታሩ በሚያብድበት ሰዓት። ሰርግ ቤት የገቡ ይመስል ሳህኑን እንደታቀፉ እልልልል አሉ። ቀራጩ ራሱን ያዘ። ከድር ግን ጣቱን ሳያቆም «እንዳትነኩት!» ብሎ ጮኸ። እልልታው እንዳለ ሸክላው ላይ ወጣ።

ፊልሙ ላይ ደግሞ አድማሱ ወደ እናቱ ዞሮ ይስቃል። ልጁ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ስለሆነ በሳቀ ቁጥር አፉን በእጁ የሚሸፍን ዓይን አፋር ነበር። በሙሉ ፊልሙ ውስጥ ከዚህች የበለጠ ነገር የለኝም።

ጓድ ሺበሺን ለመንኳቸው። «ይህችን ብቻ። አይዘፍንባትም እኮ፣ ይስቃል እንጂ።»

«ከሁሉ የባሰችው እሷ ናት» አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጽጌ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ። ከዚያ የኃላፊ ድምፃቸው ተመለሰ። እናትየዋ ትቆይ፣ ሰፊው ሕዝብ ማለት እሷ ናት። እልልታውም ይቆይ። እንዲያውም ቅዳሜ ተጋብዛ ፊት ወንበር ትቀመጥ።

«እልል የሚሉት ለማን ነው የሚመስለው?» አልኳቸው።

መልሱን ታውቂዋለሽ በሚል ዓይን አዩኝ። አዎ፣ አውቀዋለሁ። ለትራክተሩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ቅዳሜ እንዲህ ሳይዘጋጁ ከሚያዩት ቀድሞ ሰው ይንገራቸው ብዬ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ዝናብ እያካፋ ነበር፣ በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ።

«ምን ብለን እንሂድ ልጄ?» አሉ። «ለሞተ መርዶ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ገብቶ፣ ያስቀምጣታል፣ ይነግራታል። አብሮ ይለቀሳል፣ ድንኳን ይተከላል። ለቀረ ሰው ምን አለ? አልቅሱ ነው የሚባለው? ደስ ይበላችሁ ነው? ደግሞስ ቀበሌ ምን ሊለን ነው!»

እውነታቸውን ነው።

ስመለስ እኔው ራሴ ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ። እማማ በላይነሽ ምስር ይለቅማሉ። የሸክላ ማጫወቻው በጨርቅ ተሸፍኗል። ስለ ቅዳሜው ግብዣ ሰምተዋል።

«ምን ልልበስ ጽጌ?» አሉኝ።

«ነጭ ይልበሱ እንጂ እማማ። ያምርብዎታል።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ነጭ ልልበስ?» አሉ ቀስ ብለው። «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም!» አልኩና ሳቅሁ። የሳቄ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አስጠላኝ።

አውሮፕላን ከቤቱ በላይ አለፈ። እዚህ ሰፈር የማያልፍበት ሰዓት የለም። አድማሱ ከሄደ ጀምሮ እያንዳንዷን ወጥተው ቀና ብለው ያዩ ነበር። ዛሬ ከምስሩ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ቁራጮቹን በጆንያ ከትተው ወሰዷቸው። ሊያቃጥሏቸው ነው።

አንዲት ቁራጭ፣ ያቺን የሳቁን፣ ጡት መያዣዬ ውስጥ ልደብቃት ብዬ ነበር። በር ላይ ፍተሻ አለ። እጄን ሰድጄ መለስኩት። ፈሪ ነኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

የታየው እዚያው የተቀረጸበት ሆቴል አዳራሽ ነው። ብርድ ልብሱ ወርዶ መፈክር ተሰቅሎበታል።

እማማ በላይነሽ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ነጠላቸውም ያደፈ ነበር። ፊት ወንበር፣ ከጓድ ሺበሺ ጎን አስቀመጧቸው። እኔ ከኋላቸው ሆንኩ። ፊልሙን አላየሁም። ያየሁት ማጅራታቸውን ነው።

ከበሮው መጣ። ከድር መጣ። ትራክተሩ። ማንም አልሳቀም፣ አንድ ሰው ብቻ አሳለው። እልልታው ሲደርስ እማማ ከነሳህናቸው፣ ያኔ ወፍራም ነበሩ፣ ሸራው ላይ ቆመው እልልልል አሉ። ከዚያ ጥቁር አፈር፣ ማረሻ፣ ትራክተር። ከድር ራሱ ከአዳራሹ ጥግ ተነስቶ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። እማማ በላይነሽ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሌላ ትዕይንት መጣ፣ ሌላም። ልጃቸው የለም። ማይክሮፎኑ ብቻውን ቆሟል። አንገታቸው ትንሽ ወደፊት ዘመም ብሎ፣ እየፈለጉት መሆኑን አወቅሁ።

መብራት ሲበራ ጓድ ሺበሺ እጃቸውን ጨበጧቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሏቸው እማማ።

ክንዴን ይዘው ጭቃውን እያለፍን ወደ ቤት መጣን። በራቸው ላይ «ደህና እደሪ» ብቻ አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል ነው። እሳቸውን ማየት ፈርቼ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ።

ረፋድ ላይ ልብስ ሳጥብ ከአጥሩ ወዲያ ጊታር ጮኸ። የቦሌው ሸክላ! መስኮቱ ተበርግዶ! የአድማሱ ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማል። እጄ በሳሙና እንደተነከረ ሮጥኩ። ቀበሌ ቢሰማ፣ ማን ያድናቸዋል?

እማማ በላይነሽ ከሚካኤል ተመልሰው ማጫወቻው አጠገብ ቆመዋል። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እያለቀሱ ነበር፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«እማማ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቀንሱት!»

«ልጄ አልሞተም» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ሞተ ያለዎት ማነው?»

«እናንተ ናችኋ! ሰፈሩ በሙሉ ሲስቅልኝ ከረመ። ስኳር ቀረብዎት እንዴ እማማ፣ ውሃ ልቅዳልዎት እማማ። ሰው እንዲህ ሲያባብልሽ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም? እኔስ ስንቷን እንዲህ እየሳቅሁ መርዶዋን ደብቄያታለሁ! በየማለዳው የሽማግሌ ኮቴ ሳዳምጥ፣ ዛሬ ነው የሚያረዱኝ ስል፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የከረምኩት።»

ቁጭ አልኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ ያዘንንላቸው መስሎን።

«ትናንት ግን ፈልጌ አጣሁት» አሉ። «ቢሞት ኖሮ ጎልቶ ይታይ ነበር። ሙት አይወቀስም፣ ያሞግሱት ነበር። ቆርጠው የሚጥሉት ያመለጣቸውን ነው። አይደለም እንዴ ጽጌ?»

«ነው፣ እማማ። በሕይወት አለ። እዚያው ቀረ።»

«ይመጣል?»

«እንጃ። የሚመጣ አይመስለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ድምፁን ቀነስኩት። ሁለታችንም ማጫወቻው ላይ አጎንብሰን ሰማን። እልልታው ደረሰ። እሳቸው ፈገግ አሉ። በእኔ እጅ የተቆረጠችው ቦታ ናት።

«እዚህች ጋ ወደ እርስዎ ዞሮ ይስቅ ነበር» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

አልተቆጡኝም። ብቻ «እንዴት ሆኖ ነው የሚስቀው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ትከሻው ይዞራል፣ ከዚያ ዓይኑ ሳህኑን ያያል፣ ከዚያ እርስዎን ያያል። ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ አንድም አላመለጠኝም።

«አፉን በእጁ ሸፈነ?»

«አልሸፈነም። ጥርሱ ሁሉ ይታያል።»

«ጎሽ» አሉ። «ስንቴ ነግሬው ነበር።»

ከዚያ መርፌውን አንስተው ወደ ኋላ መለሱትና «እንደገና ንገሪኝ» አሉኝ።