የግራው መብራት

ቡታጅራ፣ ረቡዕ ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከሰዓት ሲያካፋ ቆይቶ አሁን አባርቷል። ቤት ያለነው እኔና አባትሽ ብቻ ነን፤ እሱ መግሪብ ሊሰግድ መስጊድ ሲሄድ ይህን ጀመርኩ።

የምወድሽ ልጄ ሩፋይዳ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? በስልክ "ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" የምልሽ አባትሽ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ለዘመድ ጥየቃ የመጣችው የሙሀመድአወል ባለቤት ወደዚያ ስትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ለብቻሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ልጠይቅሽ። ለአባትሽ ቮልስ የላክሽውን የፊት መብራት እሱ ለምን እንደፈለገው ነግሮሽ ነበር? እኔ ያወቅኩት ካርቶኑ ሲከፈት ነው። ለእናትሽ ሳትነግሪ ከዚያ ድረስ መብራት መላክ ያንቺ ጠባይ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችሁንም ስጠረጥር ከረምኩ።

ከረመዳን በፊት ነው "መብራቱ ደከመ" ማለት የጀመረው። እንደ ልማዴ እኔው አምፖል ቀየርኩለት፤ አሁንም ደክሟል አለ። ባትሪውንም ዲናሞውንም አየሁ፣ ምንም አልሆኑም። አንቺን ከትምህርት ቤት ሲያመላልስ የኖረ መብራት ዛሬ ምን ነካው? ሰው መብራት የሚያበረታው ማታ የሚሄድበት ቢኖረው ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ወልቂጤ መሄድ አመጣ። መለዋወጫ ልፈልግ ይላል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ቀን የመኪናው የግራ የጎን መስታወት ተፍቆ መጣ፤ መንገድ ላይ አረቅጥ ጋ ጉም ነበር አለኝ። ያን ቀን ከአረቅጥ ድንች ይዛ የመጣች ሴት ግን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር አለችኝ። መሀረቡን ሳጥብ ብርቱካንማ ቀለም አገኘሁበት። ሒና እንዳልለው ሒና አይደለም፤ አሸተትኩት፣ ሽቶም የለውም። ሌላ ቀን ስልኩ ሲጠራ ብድግ ባደርገው አንዲት ሴት "ጋሽ አሚኑ፣ ሐሙስ እንዳይቀሩ" ብላ ዘጋችው። ታውቂኛለሽ፣ ሲከፋኝ አፌ ሳይሆን እጄ ነው የሚሠራ።

ስለዚህ መብራትሽን መግጠም ያዝኩ። ፊት ለፊቱ ልክ ገባ፣ ከኋላ ግን ሶኬቱ ከድሮው ገመድ ጋር አልገናኝ አለ። ትንሿ የፓርኪንግ አምፖልም የድሮው መብራት ሆድ ውስጥ ነበረች፤ አዲሱ ለእሷ ቦታ የለውም። ገመዷን ወስጄ ከፍሬቻው ጋር አስቀመጥኳት። ደግሞ አዲሱ አምፖል ብርቱ ነው፣ የድሮውን ቀጭን ገመድ ያግለዋል። ከወደቀ አይሱዙ ላይ ሪሌ የሚሉትን ኃይል የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ፈትቼ ኃይሉን በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው አመጣሁለት፤ የድሮው ማብሪያ አሁን ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ነው ሥራው። ይህን ያየሁት ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣ የመኪና መጽሐፍ ገጽ ላይ ነው። ገጹ መሐሉ ላይ ተቀዷል፤ የጎደለውን በተጣሉ ሬዲዮኖች ላይ እየሞከርኩ ሞላሁት።

ያቻኮለን የእሑዱ ሠርግ ነው። የጎረቤታችን የጋሽ ሰይዶ ልጅ ሃሊማ፣ አብራሽ ያደገችው፣ ትዳራለች። መስቃን ገጠር ድረስ የሚወስዳት አባትሽ ነው፤ ከዚህ ሰፈር ያለዚያ ቮልስ የተዳረች ልጅ የለችም። የሚደርሱት ሲመሽ ነው፣ መንገዱም ጋሪና ከብት የሞላበት ነው።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ልንሞክረው ወጣን። ድሮ መብራት ስንሞክር ግድግዳው ጋ ቆመሽ በራ አልበራ የምትይ አንቺ ነበርሽ። አሁን አባትሽ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ። እኔ መሪው ጋ ገብቼ ማብሪያውን ሳብኩ።

"በራ?"

"በራ። ሁለቱም።"

የግራውን ግን ገና አላገናኘሁትም ነበር። የገመዱ ማገናኛ ጉልበቴ ላይ ነው። ልቡ ወልቂጤ ነው ያለው ብዬ ደሜ ፈላ። የግራውን ደህና አድርገህ እየው አልኩት።

"የግራው እንዲያውም ይበልጣል" አለኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ሲመጣ በግራው በኩል የነበረውን ባልዲ ረግጦ ሊወድቅ ደረሰ። ዘወር ብሎ እንኳ ባልዲው የት እንዳለ አላየውም።

"ወልቂጤ ያለችው ሴት ማን ናት?" አልኩት።

"ነርስ ናት" አለ። "ለምርመራ ብርቱካንማ ቀለም ዓይኔ ውስጥ የምታደርግ።"

የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሏል አሉት። እይታው ከዳር ከዳር እየጠበበበት ነው፣ የግራው ይብሳል። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይለት ይሆናል። አስቢው፣ ሰው ለዓይኑ ከየአገሩ እኛ ከተማ ያለው የዓይን ሆስፒታል ይመጣል፤ የእኔ ባል ከቡታጅራ ተነስቶ ወልቂጤ ይሄዳል፣ ያውም ራሱ እየነዳ።

"እዚህ ወረፋ ላይ ካዩኝ ማን ሙሽራ ይሰጠኛል?" አለኝ። "ሃሊማን ብቻ ላድርስ፣ የሩፋይዳ እናት። መብራቱ እኮ አሁን ጥሩ ሆኗል።"

ሌላ ማን ያውቃል ብዬ ጠየቅኩት። "ማንም" አለ። ቶሎ ነው ያለው። ስለዚህ አንቺን እንደገና እጠይቅሻለሁ፣ ታውቂ ነበር? ብታውቂ አልቆጣሽም። ብቻ ለእኔ ሳይሆን ለአንቺ የነገረበትን ምክንያት ልወቀው።

ሐሙስ ጠዋት።

ሱብሒ ሰግጄ ወጣሁ። ባትሪውን ፈታሁ። የግራውን ወፍራም ገመድ ቆርጬ ጫፉን በክብሪት አጠቆርኩት። ቁራጩን ይዤ ጋሽ ሰይዶ ደጃፍ ሄድኩና ሥራውን አበላሽቼዋለሁ፣ ገመዱ ተቃጠለ፣ ለእሑድ አይደርስምና ሌላ መኪና ፈልጉ አልኩት። ገመዱን ገለባብጦ አየው።

"ለአሚኑ ነግሬው ነበር" አለ። "የሴት እጅ የገባበት መኪና መጨረሻው ይኸው ነው።"

"ልክ ነህ፣ ጋሽ ሰይዶ" አልኩት።

ተመልሼ የቮልሱን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጠብታውንና የሐኪም ካርዱን ያዝኩ። አባትሽን ክንዱን ይዤ መናኸሪያ አደረስኩት። የወልቂጤ ሚኒባስ ውስጥ እሱን በቀኙ መስኮት በኩል አስቀምጬ እኔ በግራው ተቀመጥኩ። እስኪሞላ ይህን እየጻፍኩ ነው፤ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም።

አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ሰልሚያ