መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ

ደብረ ታቦር
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም ገሰሰ
ሐዋሳ

ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔና እናትሽ የደብራችን ኢየሱስ ክብር ምስጋና ይግባውና ቆመን እንሄዳለን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል። ገበሬው ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን የዋንዛ ጣውላዬ አልደርቅ ብሎኝ ከሰማዩ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስሽ "አባዬ ምን ነካቸው?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ይናገራል፤ ያለፈውንም ያበላሸው እሱ ነው። እርሳስ ስይዝ ግን ቀስ እላለሁ። አርባ ዓመት እርሳስ ከጆሮዬ ሳይለይ ስሠራ፣ ለክቼ የተሳሳትኩት ጣውላ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህንን ጽፌ፣ ክረምቱን ከወላጆቹ ጋር ሊያሳልፍ ወደ ሐዋሳ ለሚወርደው ለተከራያችን ለመምህር ደረጄ ሰጥቼዋለሁ።

አስቀድሜ የእናትሽን ጉድ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላሁ፣ "ለመሆኑ ገሰሰ፣ አንድ ሰው አዲስ የእንጨት ሥራ ቢከፍት፣ አቅሙም ትንሽ ቢሆን፣ የቱን ዕቃ ገዝቶ የቱን ይተዋል?" አለችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ታንጉት ስለ መዶሻ ጠይቃኝ አታውቅም! "ማነው እሱ ሰው?" ብላት፣ "አንድ ሰው ነው" ብላ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ኧረ እናንተ! እናትና ልጅ ተማክራችሁ እኔን እንደ ሕፃን ልታታልሉኝ! ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። ልጄ የገዛ አባቷን ለመጠየቅ በጓሮ ዞራ የመጣችው ዋናውን ደጅ እኔ ስለዘጋሁት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሚያዝያ ላይ ደውለሽ የባንኩን ሥራ ለቅቄ ወርክሾፕ ልከፍት ነው ስትዪኝ፣ ምን እንዳልኩሽ አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። "ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እንድትሠሪ አልነበረም?" ብልሽ፣ "አባዬ፣ ወንበሩን መሥራት እንጂ መቀመጡ አልሆነልኝም" አልሽኝ። ሰው መልስ ሲያጣ ይጮሃል። "ያንቺን ወርክሾፕ ደጅ ብረግጥ ዓይኔን ያጥፋው!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እናትሽ ሰምታ ኖሮ ከጓዳ ወጣች። "ዓይኔ ብለህ በምትጠራት ልጅ ላይ በዓይንህ ትምላለህ? ምነው ምላስህን በቆረጠው!" አለችኝ። ያን ቀን ራቴን ያቀረበችልኝ ሳታናግረኝ ነው።

ወደዚያ መሐላ እመለስበታለሁ። አሁን ለአንዱ ሰው መልሴ ይኸውልሽ።

መዶሻ ርካሹን ግዢ። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ እጀታውን ግን አውጥተሽ ጣዪውና ወይራ አስገቢበት። የሱቅ እጀታ አንድ ክረምት አይሻገርም። ሜትርም ርካሹ ይበቃሻል፣ ግን በአንድ ሥራ ላይ ሁለት ሜትር እንዳትይዢ። የሥራ ጓደኛዬን ሙላቴን ታውቂው የለ? ለአንድ የእብናት ነጋዴ በር ስንሠራ እሱ በራሱ ሜትር በሩን ለካ፣ እኔ በራሴ መቃኑን ለካሁ። ልንገጥመው ስንል በሩ አልገባም አለ። "የኔ ነው ትክክል"፣ "የለም የኔ ነው" እያልን እስከ ማታ ስንጨቃጨቅ ሰውዬው በሩን በጆንያ ጋርዶ አደረ።

ማዕዘን የምታስተካክዪበትን ስኳድራ ስትገዢ ባለ ሱቁን ጣውላና እርሳስ ጠይቂው። ጠርዙ ላይ አስደግፈሽ አስምሪ፤ ገልብጪና እዚያው ላይ ድገሚ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከዋሉ ክፈዪና ውሰጂ። ከተለያዩ ግን የሚሸጠው አጎትሽም ቢሆን መልሺለት፤ የተጣመመ ስኳድራ የያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን እጁን ሲወቅስ ይኖራል።

መጋዝ ላይ እንዳትቆጥቢ። ጫፉን ይዘሽ አጉብጪው፤ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ለዶሮ ቤት መዝጊያም አይሆንም። እንጨት መጨበጫው ሞርሳ አሁን ይቅርብሽ። ርካሹ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፣ ደህናው አቅምሽን ይበላዋል። እስኪያልፍልሽ ገመድና ሽብልቅ ይበቃሻል፤ እኔ አሥር ዓመት እንጨት ያጣበቅሁት በገመድና በሽብልቅ ነው።

ባለ ሻንጣውን ደግሞ ዓይንሽ እንዳያየው! ስልሳ ዕቃ በአንድ ሻንጣ፤ ትራፓኖው፣ ካቻቪቴው፣ ፒንሳው ተደርድሮ ሲያዩት ሙሽራ ይመስላል። አልዋሽሽም፣ እኔም ተታልያለሁ። የትራፓኖው ባትሪ ጥምቀትን አላየም፤ መሰርሰሪያዎቹ ባሕር ዛፍ ሲነኩ ተጣመዘዙ። የተረፈኝ ሻንጣው ነው፣ እናትሽ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። ለሻንጣው ሲሉ ነው የሠሩት መሰለኝ።

መሮ ከሱቅ አትግዢ። የኔ አምስቱ መሮዎች የአንበሳሜው ባለ እጅ ወርቁ ከአሮጌ መኪና የባሌስትራ ብረት የቀጠቀጣቸው ናቸው። አንቺ ሳትወለጂ ነው የሠራልኝ፤ እስከ ዛሬ ጸጉር ይላጫሉ። ሰዉ ወርቁን ቀጥቃጭ እያለ ሲያማው፣ ማዕዱን ሲሸሸው ኖረ። እኔ ግን ልጆቼን ያሳደግሁት በወርቁ እጅ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ስለ መሮ ሌላም የምልሽ አለ፣ ቆይተሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ብረት መቁረጫው ግራይንደር። እዚህ ላይ እርሳሴ ይከብደኛል።

ዓይኔ፣ ከአንቺ የደበቅነው ነገር አለ። እናትሽን ዝም በዪ ያልኳት እኔ ነኝና እሷን እንዳትቆጪ። ያን መሐላ በማልኩ ማግስት፣ የአንድ ሱቅ መስኮት የሚታጠርበት ፌሮ መቁረጥ ነበረብኝ። ለግራይንደሩ አዲስ ዲስክ በገበያ ቀን ገዝቼ ነበር። ዋጋው የሌላው ግማሽ ነው። ሻጩ፣ "ማርያምን ጋሼ ገሰሰ፣ አንደኛ ዕቃ ነው!" አለኝ። በእመቤታችን የማለ ሰው ፊት ዕቃውን አገላብጦ ማየት ነውር መሰለኝ። ጭራሽ ተከራክሬ አስቀነስኩና እንደ ብልጥ ፈገግ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የግራይንደሩን መከለያ ደግሞ ሥራ ያጓትታል ብዬ ከፈታሁት ዓመት አልፎታል። ከተማው ውስጥ መከለያ ያለው ግራይንደር ብትፈልጊ አታገኚም፤ ሁላችንም ፈትተን ሚስማር ማስቀመጫ አድርገነዋል።

ያን ጠዋት ሥራ እምቢ አለኝ። የአንቺ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቀና ብል ግድግዳው ላይ መነጽሩ ተንጠልጥሏል። በመጀመሪያ ደሞዝሽ ገዝተሽ የላክሽልኝ፣ "አባዬ፣ ሲቆርጡ ያድርጉት" ብለሽ ወረቀት የጠቀለልሽበት። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ እናትሽ ነግራሻለች። "ልጄ ጣና ልትወረውረኝ ነው እንዴ? ይሄ የዋናተኛ ነው!" ብዬ ሙላቴን አስቄበታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስማር ላይ አቧራ ጠጣ።

አንስቼ በጋቢዬ ጠረግሁትና ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ለዓይኔ ፈርቼ አልነበረም። ይቅር በዪኝ ማለቴ ነበር። ለአባት እንዲህ ማለት ከባድ ነው፤ አፌ ያልቻለውን እጄ ሞከረው።

ፌሮውን ግማሽ እንኳ አልቆረጥኩም፤ ዲስኩ ፈነዳ። አንዱ ስባሪ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። አንዱ ቀኝ ዓይኔ ላይ መጣ። መነጽሩ ተሰነጠቀ፣ ቅንድቤ ተተረተረ፣ ደሙ ፊቴን ሸፈነው። ሙላቴ "ዓይንህ ፈሰሰ!" ብሎ ጮኸ። እኔም የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። በመዳፌ ጠርጌ ብገልጠው ሙላቴን አፉን ከፍቶ ቆሞ አየሁት። እንደዚያን ቀን ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን መልከ መልካም እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ተመስገን! ቅንድቤን በአራት ስፌት ሰፉልኝ፣ ድኗል። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልሽ በሁለት ዓይኔ እያየሁ ነው። ልጄ፣ ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ከሰው ፊት ያላልኩትን እዚህ እልሻለሁ፤ አመሰግንሻለሁ።

የዲስኩን ስባሪ ለቅሜ አየሁት። መሐሉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ላይ ቀን ተጽፎባታል፤ ካለፈበት ሦስት ዓመቱ። እኔ ሽማግሌው ዲስክ እንደ መድኃኒት ቀን እንዳለው አላውቅም ነበር። አንቺ እወቂ። ግራይንደር አሮጌም ቢሆን ግዢ፤ መከለያውን ግን እንዳትፈቺው። ዲስክ ደግሞ ርካሽ አትግዢ፣ ቀለበቷን ሳታነቢም አትክፈዪ፤ ሻጩ በታቦት ቢምልልሽም።

ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ደጅሽን ሳልረግጥ መሐላው እንዲህ ከቀረበኝ፣ ብረግጥማ ምን ሊሆን ነው? ሌሎቹ በመትረፌ ደስ ብሏቸው ሲስቁ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ብሄድ ዓይኔ፣ ብቀር ልጄ። አንድ ወር ሙሉ ይህንን ተሸክሜ ዞርኩ። የእናትሽ የአንድ ሰው ጥያቄ ሲመጣ ግን አልቻልኩም፤ በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ሞገስ ሄድኩ።

"አባቴ፣ ምላሴ ቀድሞኝ ማልኩ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ "ዲስኩን የሸጠልህ ሰው በማን ማለ?" አሉኝ።

"በእመቤታችን።"

"መሐላው ዲስኩን አጠነከረው?"

"የለም አባቴ።"

"እንግዲያው ያንተም የቁጣ መሐላ ልጅህን ባዳ አያደርጋትም። ዓይንህን እግዚአብሔር በልጅህ እጅ ጠብቆልሃል፣ መልሶ ሊወስድብህ አይደለም። በከንቱ መማልህ ግን ኃጢአት ነው፤ ቀኖናህን ተቀበል።" ሰባት ቀን አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ልነሣ ስል "ቆብህን አትድፋ፣ ገና ነኝ" አሉና፣ "የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሄደህ ያን ደጅ ትረግጣለህ። የዘጋኸውን በእግርህ ክፈተው" አሉኝ።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ስሰግድ ጉልበቴ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እናትሽ ከጓዳ ሆና እየቆጠረች፣ "ሠላሳ ሰባት ነው፣ አታታልል!" ትለኛለች። እሷን ለዚህ የሰጠኝን አምላክም አመሰግናለሁ።

ሐምሌ 5 ጾሙ ይፈታል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በዚያው ሳምንት እነሣለሁ። ስለ መሮ ቆይቼ እነግርሻለሁ ያልኩሽ ይህ ነው፤ መሮ ከማንም አትግዢ፣ የወርቁን አምስቱን ይዤልሽ እመጣለሁ። ትልቁን መጋዜንም ጨምሬበታለሁ። "ታዲያ አባዬ በምን ሊሠሩ ነው?" እንዳትዪ። ዕቃው ባለበት እሠራለሁ፣ ማን ከለከለኝ? የአንቺ ወርክሾፕ አንድ ሽማግሌ የሚቆምበት ጥግ አያጣም።

የመጨረሻው ምክሬ ይህ ነው። ከመዶሻው፣ ከመጋዙ፣ ከሁሉም በፊት መነጽር ግዢ። ርካሽ ነው፣ ሰው የሚንቀውም ለዚያ ይሆናል። ሁለት ግዢ። የኔ ተሰንጥቋል፤ ልጠግነው አልፈልግም፣ ከሥዕለ ማርያሟ በታች ሰቅዬዋለሁ። ደግሞ ለራሴ የገዛሁት ዕቃ ሲከዳኝ፣ አንቺ የገዛሽልኝ አልከዳኝምና አዲሱንም አንቺው ግዢልኝ። ከበሩ ጎን ሚስማር ምቺና እዚያ ስቀዪው፤ ከፍ አታድርጊው፣ ትከሻዬ እንደ ድሮ አይዘረጋም።

በዋንዛም በብረትም ላይ እጅሽን ይባርከው። ደጅሽ ገቢ እንጂ ወጪ አይብዛበት። የሠራሽው ወንበር ሽማግሌ ይቀመጥበት፣ የሠራሽው አልጋ ሕፃን ይሳቅበት። ዓይንሽን፣ ጣትሽን፣ ልብሽን የደብረ ታቦሩ ጌታ ይጠብቅልኝ፤ አሜን።

አባትሽ
ገሰሰ አያሌው

እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "ያልኩህን ጻፍክላት?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ምን አልሽኝ ብላት፣ "ምንም" አለችና ሳቀች። እንግዲህ ለአንዱ ሰው ንገሪልኝ፤ አባቱ እየመጣ ነው።