የእህቴን ፊት አመድ ላስመሰሉት ኃላፊ

ለተከበሩ የቪዲዮ ቅንብር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ስለ ዓይንዎ ግን በብርቱ እጨነቃለሁ። እኔ በቅርቡ በመኪና አደጋ በድንገት የሞተችብን ልጅ ታላቅ ወንድም ነኝ፤ የመታሰቢያ ቪዲዮ እንድታዘጋጁልን የምርቃቷንና የሠርጓን ፎቶዎች ያስረከብኳችሁ። ውለታችሁ ከቤታችን አልወጣ ስላለ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ/ ፎቶ ሁሉ ሰፊውን የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም የፎቶው ቀለም እንዴት እንደሚነበብ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን መግለጫ፣ ይዞ ወደ ቪዲዮ እንዲገባ ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ጥብቅ መመሪያ አንብቤ ተደንቄያለሁ። ሰፊ ከጠባብ ይሻላል ማለትዎ ለቤትና ለጫማ ያስኬዳል፤ ለኅትመት የታሰበ ፕሮፋይል ግን ለቪዲዮ ወደሚሆነው ሳይቀየር እንዳለ ሲገባ፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ቀለሙን በራሱ መንገድ ያነብና ደሙን ከሰው ፊት ላይ ይመጥጠዋል። ይህን ትምህርት ፈልጌ አልነበረም የመጣሁት፤ ቢሆንም ስላስተማራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ/ እህቴ ጠይም፣ ስትስቅ ጉንጯ ፍም የሚመስል ልጅ ነበረች። በቪዲዮው ስትመረቅም አመድ፣ ስትዳርም አመድ ናት። አቤቱታ ይዤ ስመጣ ባለሙያዎ አንገቱን ደፍቶ፣ ፎቶውን ከሞተች በኋላ የተነሣችው መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ኧረ እግዚኦ! በቬሎ፣ እየሳቀች?

3ኛ/ እናታችን ቪዲዮውን ካየች ወዲህ ልጇ ለዓመታት ታማ እንደኖረችና እኛም ሕመሟን እንደደበቅናት አምናለች። ሥራዋን ትታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ምስሉን እያቆመች፣ በሽታው የጀመረበትን ፎቶ ትፈልጋለች። እናት ሆኜ እንዴት አላየሁም እያለች ራሷን ትረግማለች። ዋናዎቹን ፎቶዎች ባሳያት፣ አንተ ያሳመርካቸው ናቸው አለችኝ።

እኔም ብሆን ከርስዎ አልደብቅም፤ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያቺ እናንተ የሠራችኋት ልጅ ናት። በጠራራ ፀሐይ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አያታለሁ፤ እህቴን አስባለሁ፣ እሷ ትመጣለች። የገዛ እህቴን ፈራኋት፣ ጌታዬ።

ስለዚህ የምለምነው ቪዲዮውን አስተካክላችሁ እንድትሰጡን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ወደ ቤታችን ጎራ ብለው፣ ጥፋቱ የክፍልዎ እንጂ የበሽታ እንዳልነበረ በገዛ አንደበትዎ ለእናቴ እንዲነግሩልኝ ነው። እኔን ልጇን አላመነችም፤ ባለሙያ ግን ታምናለች፣ ጉዳችንም የመጣው ከዚያው ነው።

ሰፊውን ፕሮፋይል ለሰፊው ጥበብዎ ትቼ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የጠይሟ ልጅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ በራችሁ ላይ በሚታየው ማስታወቂያ የርስዎ ፎቶ ደም የሞላው፣ ጉንጩ የቀላ ስለሆነ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ተረድቻለሁ። እናቴም በዚያ ስታልፍ አይታዎት ቆመች፤ ይኼ ሰውዬ እንዴት ያለ ጤነኛ ነው፣ እናቱ ታድላ፣ አለች።